የመጀመሪያው ተራ የሰላምታ ነው

አሰላ ውስጥ ሰውን ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። የትም አገር ነውር ነው ትሉ ይሆናል፤ ይሁን። ግን ስልክ ውስጥ ያለ አውሬ ሰላም አላለኝም ብሎ የሚያኮርፍ ሰው የትም አታገኙም። አሰላ አለ። ስሙም ሁሴኖ ይባላል።

ሁሴኖ ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት አለው። ከፊት በኩል ኳስ የሚጫወቱት ቴሌቪዥኖቹን ከበው ይጯጯኻሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ትልልቆቹ በየስልካቸው አውሬ ያጋጥማሉ። ጨዋታው ረጅም የፈረንጅ ስም አለው፤ እዚህ ግን ማንም በዚያ አይጠራውም፣ "አውሬ" ነው የሚባለው። አውሬዎቹም እያንዳንዳቸው የፈረንጅ ስም ነበራቸው፤ የአሰላ ክርስቲያንና ሙስሊም ተባብሮ ለምላሱ በሚመች ስም ለወጣቸው። ቀንዱ እንደ ቀንበር የሰፋው ግዙፍ "ጎሽ" ሆነ። ነጭ ጭስ የሚመስለው፣ ጠዋት ጠዋት የጭላሎን ተራራ የሚሸፍነውን ስላስታወሳቸው፣ "ጉም" ተባለ። ያቺ ጅራቷ ሸንተረር ያለው ፈጣኗ ደግሞ "ሸለምጥማጥ" ናት፤ ዶሮ አርብቶ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

አጨዋወቱ ከባድ አይደለም። ሁለት ሰዎች አራት አራት አውሬ ይዘው ይመጣሉ፤ ከአራቱ ሁለቱን ያስቀድማሉ። በየተራው ሁለቱም በስውር ይመርጡና ምርጫቸው በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ምርጫው ሦስት ነው፦ መምታት፣ ጋሻ ማንሳት ወይም መሳል። ጋሻ ያነሳ በዚያ ተራ የመጣበትን ዱላ ሁሉ ይመልሳል። የሳለ ደግሞ በዚያ ተራ አይመታም፤ ቀንዱን አሹሎ በሚቀጥለው እጥፍ አድርጎ ይመታል። እንግዲህ መቺ የሚስለውን ይቀድመዋል፣ ጋሻ ያነሳ መቺውን ያከሽፈዋል፣ የሚስል ደግሞ ጋሻ አንስቶ በቆመው ይጠቀማል። ነገሩ ሁሉ ያኛው ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቁ ላይ ነው።

በሁሴኖ ቤት ግን የመጀመሪያው ተራ የሰላምታ ነው። ሁለቱም ጋሻ ያነሳሉ። ልማዱ የተጀመረው ኔትወርክ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር ነው፤ አንዱ ገና ሳይገባ ሌላው እየመታ ጠብ ሲበዛ ሁሴኖ "መጀመሪያ ጋሻ አንሱ፣ መኖራችሁን እንወቅ" አለ። ኔትወርኩ ሲሻሻል ልማዱ ሥር ሰደደ። ጋሻ ማንሳት "አካም ጅርታ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ" ማለት ሆኖ ቀረ፤ ጋሻ ሳያነሳ የሚመታ ሰው ደጅ ሳያንኳኳ ጓዳ እንደገባ ተቆጠረ። ሰኢድ የሚባል ባለ ባጃጅ አንድ ጊዜ ቸኩሎ መትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጋጠመው አጥቶ ብቻውን ሲጫወት ከረመና በስንት ሽማግሌ ታረቀ።

ፋይዛ ይህን ልማድ ጠልታው አታውቅም ነበር። አምና ግን ጉድ ሠራት።

ፋይዛ አባቷ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከእናቷ ከሀጂራ ጋር የምትሠራ ልጅ ናት። ምላሷም እጇም ፈጣን ነው፤ ሜትሩን ለክታ፣ ጨርቁን ቀድዳ፣ ዋጋውን ተከራክራ ሳትጨርስ ሁለተኛው ደንበኛ ይስቅላታል። አምና አርሲን ወክላ ለአገር አቀፉ የአውሬ ውድድር አዲስ አበባ ሄደች። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ስክሪን፣ ከፊቷ አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ። ተራው ሲጀመር አውራ ጣቷ ሳታዘው ሄዶ ጋሻውን ተጫነ። ልጁ በሰላምታዋ ጊዜ የጎሹን ቀንድ ስሎ ጨረሰ። በሁለተኛው ተራ ያስቀደመቻቸው ሁለቱም አውሬዎቿ ወደቁ፤ የቀሩትም ብዙ አልቆዩም። ለሁለተኛው ጨዋታ ጣቷን አስጠንቅቃ ተቀመጠች፤ ጣቷ እንደገና ሰላም አለ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ልጁ ክፉ አልነበረም። ሲጨርሱ ጎንበስ ብሎ "እህቴ፣ ስልክሽ ይቆማል እንዴ?" አላት።

"አዎ፣ ኔትወርክ ነው" አለችው። ምን ትበለው? አገሬ ላይ አውሬ ሰላም ይባባላል ትበለው?

ስለዚህ ዘንድሮ ተመልሳ መሄድ ፈለገች። ከመፈለግም በላይ ነው፤ ቀን ጨርቅ ስትለካ፣ ሱቅ ስትዘጋ፣ ያ መነጽራም ልጅ ፊቷ ድቅን ይላል። ከአርሲ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ አንድ ሰው እሷ መሆን አለባት፤ እዚያ ስትደርስ ደግሞ ጣቷ ሰላም ማለት የለበትም። ለዚህ የመጀመሪያ ተራ መላ ያስፈልጋል። ዝንጀሮስ ብትሆን መጀመሪያ መቀመጫዬን አይደል ያለችው?

መላውን የሠራችው ከጓደኛዋ ከዳናዊት ጋር ነው። ዳናዊት ከሱቁ ጎን ኮፒ ቤት አላት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ትፈታለች፤ መብራት ደግሞ ለፋይዛ ጥናት እንዲመች ያሰበ ይመስል ይሄድ ነበር።

"ደንበኛ ከበር ሲገባ ነው የሚታወቀው" አለች ፋይዛ። "የሚገዛው ዓይኑን እየሰደደ ይገባል። የሚከራከረው ፊቱን አጨፍግጎ ይገባል። ጨርቅ ዳብሶ የሚሄደው ደግሞ ሰላምታው ይረዝማል። ተጫዋችም እንደዚያው ነው። አገባቡን አይቼ ነው የምጀምረው።"

"እሺ፣ ካወቅሽውስ በኋላ?"

"ሸለምጥማጥና ጎሽን አስቀድማለሁ።"

ሸለምጥማጥ በገባችበት ተራ ብቻ የምትሠራው ተንኮል አላት፤ ከባላጋራዋ አውሬዎች አንዱን ታስደነግጠዋለች፣ የደነገጠው በዚያ ተራ ምንም አይሠራም። ጎሹ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሌላኛውን ተንደርድሮ ይመታል። አንዱ ደንግጦ፣ አንዱ ወድቆ፣ ጨዋታው ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ጎሽ ከተንደረደረ በኋላ የሚቀጥለውን ተራ ቆሞ ሲያለከልክ ያሳልፋል።

ዳናዊት ቀዳዳውን ወዲያው አየችው። "ጋሻ ካነሱብሽስ? ሸለምጥማጧም ከሸፈች፣ ጎሹም ምላሱን አውጥቶ ቆመ። እንደ በግ ነው የሚያርዱሽ።"

"ጋሻ የሚያነሳ መሆኑን ካወቅኩማ ለምን እመታለሁ? እስላለኋ!"

መላው ይኸው ነው፤ ለሚመታና ለሚስል መትቶ መግባት፣ ጋሻ ለሚያነሳ ስሎ መግባት። የቀረው ጣቷን ማስተው ነበር። ዳናዊት ማስመሪያ ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ጣቷ ወደ ጋሻው ባለ ቁጥር ጣል ታደርግባታለች። ፋይዛ እጇ አበጠ እንጂ ልማዱ አልለቀቃትም። በመጨረሻ ዳናዊት ፕላስተር ቆርጣ ስልኩ ላይ ጋሻው የሚመጣበትን ቦታ አሸገችው። ጣቷ ሄዶ ፕላስተሩን ሲነካ ይደነግጥና ይመለሳል። እንዲያ እንዲያ እያለ ሰለጠነ።

ከዚያ ሁሴኖ ቤት ሄዳ ልትሞክረው ፈለገች። ጋሻ እንደሚያነሳ እያወቀች፣ ጣቷ መምታት እንዲለምድ ብላ፣ የሞከረችው በራሱ በሁሴኖ ላይ ነው፤ ድፍረት ከዚህ በላይ አለ? ሁሴኖ ጋሻውን ሊያነሳ ሲያመቻች ሸለምጥማጧ ዘልላ ገባች። ጋሻው ነገሩን አከሸፈው እንጂ፣ ሰውየው ራሱ ደነገጠ።

"ያ ረቢ! ፋይዛ፣ ምን ሆነሻል? ሰው ሳትጠይቂ?" አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። "ጠላትሽ ነኝ እንዴ?"

ያዳኗት ከጥግ የተቀመጡት ጋሽ እንደሻው ናቸው።

ጋሽ እንደሻው ጡረታ እስኪወጡ የመናኸሪያው ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። የበቆጂውንም፣ የሲሬውንም፣ የአቦምሳውንም መኪና በተራው የሚለቁት እሳቸው ሲሆኑ፣ ሾፌሩንና ረዳቱን፣ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ የተቀመጠውንም ሰው ሰላም ሳይሉ፣ መልካም መንገድ ሳይመኙ ለቀው አያውቁም። መኪና ሲዘገይ "ምነው፣ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ነው ወይስ ጋሽ እንደሻው እጅ?" ይባል ነበር። ጡረታ ሲወጡ የሚሰናበቱት መኪና አጡ። በክረምት የመጣ የልጅ ልጃቸው አውሬውን ስልካቸው ላይ ጭኖላቸው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ከመጋረጃው ኋላ የሚያሸንፋቸው አልተገኘም። ፋይዛንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለጨዋታ ሲቀመጡ እንኳ ሰላምታቸውን ይጀምሩና፣ ገና ከባላጋራቸው እናት ሳያልፉ፣ ሰው ስልኩን ይዞ ሲቁነጠነጥ ያዩና "እንግዲህ የቀረውን በጋሻ" ይላሉ። የተረፈው ሰላምታ በመጀመሪያው ተራ ይሞላል።

"ተዋት፣ ሁሴኖ" አሉ። "አዲስ አበባ ሄዳ ሰላም ብትል የሚመልስላት አጥታ መጣች። ትማር።"

"ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይጋጠሙኝ" አለች ፋይዛ ደስ ብሏት።

"እኔንስ ዓይኔን አሞኛል። ዝም ብዬ ልመልከት።"

ዓይኑን ያመመው ሰው ሊመለከት ከኋላዋ ተቀመጠ። ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ፋይዛ በሄደች ቁጥር ጋሽ እንደሻው ከኋላዋ ናቸው፤ አይጋጠሟትም፣ አያርሟትም፣ አያወሩም። እሷም ቅር ብሏቸዋል ብላ ተጨነቀች። ሰላምታን ያህል ነገር ባስተማሯት ፊት እየረገጠች፣ እንዴት አይከፋቸው? አንድ ሁለቴ ይቅርታ ልትጠይቃቸው አሰበችና አፈረች።

ውድድሩ የቅዳሜ ዕለት በከተማው የወጣቶች አዳራሽ ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነበር፤ ሰው ጋቢውንም ጃኬቱንም እንደደረበ ገባ። ከበቆጂም፣ ከሲሬም፣ ከአቦምሳም ተጫዋቾች መጥተዋል። የተወዳዳሪዎች ስም ሲጠራ "እንደሻው" የሚል ሰማችና ዞር አለች። ከዚህ በፊት ተወዳድረው የማያውቁት ጋሽ እንደሻው ባርኔጣቸውን አውልቀው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

"ዓይናቸው ዳነ ማለት ነው" አለች ዳናዊት።

የፋይዛ መላ እንደ ስለት ቆረጠ። የአቦምሳው ቶፊቅ ወንበሩን በእግሩ ስቦ፣ ጣቱን እያንቋቋ ተቀመጠ፤ ይሄ የሚመታ ነው ብላ ቀደመችው፣ አውሬው ደንግጦ እሱም አብሮ ደነገጠ። ከበቆጂ የመጣችው ትንቢት ደግሞ የውኃ ጠርሙሷን፣ መሐረቧን፣ ስልኳን በመስመር ደረደረች፤ ይህቺ የምትዘጋጅ ናት፣ ትስላለች። ገና ስትስል ፋይዛ ደረሰችባት። "የበቆጂ ሰው ሆነሽ እንዴት ትቀደሚያለሽ!" ብለው ሳቁባት፤ ትንቢትም አብራ ሳቀች። ፋይዛ ጋሻ አንድም ጊዜ ሳያስፈልጋት፣ ፕላስተሩም ከስልኩ ሳይነሳ ለፍጻሜው ደረሰች።

በወዲያኛው በኩል ጋሽ እንደሻው እንደ ልማዳቸው በየጨዋታው መጀመሪያ ጋሻ እያነሱ፣ ልማዱን የማያውቁት የሌላ ከተማ ልጆች ጋሻቸው ላይ እየተፈጠፈጡላቸው፣ እየሳቁና እየተሰናበቱ አሸነፉ። ፍጻሜው የፋይዛና የጋሽ እንደሻው ሆነ።

በመሐል ዕረፍት ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች በረንዳው ላይ ቆመው ዳናዊት ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ፋይዛ ግን አልወርድ አላት።

"ምን ያስጨንቅሻል? የተጻፈ ነገር ነው" አለች ዳናዊት። "ጋሽ እንደሻው ጋሻ ያነሳሉ፣ አንቺ ትስያለሽ፣ አለቀ። እሳቸው ሰላም ሳይሉ ጎሽ ይለቃሉ? መኪና እንኳ ሳይሰናበቱ ለቀው አያውቁም!"

"እሱ ነው ያስጨነቀኝ። እጁን ለሰላምታ ለዘረጋልኝ ሰው ቢላ መሳል ነው እኮ።"

"ጨዋታ ነው!"

"ለአንቺ።"

"እሺ፣ አትሳይ። ጋሻ አንሺና እኩል ጀምሪ። ከዚያስ? እሳቸውን በእኩል አሸንፈሽ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። አንድም ቀን። ፋይዛ ጋሽ እንደሻውን ትወዳቸዋለች፤ አዲስ አበባንም ትፈልገዋለች፤ ሁለቱ ፍላጎቶች ደረቷ ውስጥ ተያይዘው ይታገሉ ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ አሸነፈ። እስላለሁ፣ ቀጥሎ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብላ ገባች።

ጋሽ እንደሻው ከመድረኩ ሥር ቆመው ጠበቋት። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ፋይዚ፣ እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ? እናትሽ ሀጂራ ደህና ናት? ወገቧን ተሻላት?"

"ደህና ናት፣ ጋሼ። ተሻላት።"

"አባትሽስ? ወንድሞችሽ? ሱቁ እንዴት ነው? ጎረቤቶቻችሁ ሰላም ናቸው? ወራቤ ያለችው አክስትሽስ፣ በሰላም ተገላገለች?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ወንድ ልጅ ወለደች።"

"እሰይ! እሰይ! ያሳድግላት። ድመቷስ አለች?"

"አለች፣ ጋሼ።"

ፋይዛ ደስ አላት፤ አልተቀየሙኝም ማለት ነው። ደስታዋ ግን ወዲያው መሬት ፈልጎ የሚደበቅ ሐፍረት ሆነ። እኚህ ሰውዬ እስከ ድመቴ ድረስ እየጠየቁ እኔ ቀንድ ልስል ነው አለች በልቧ። ተቀመጡ። የጨዋታው ሜዳ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ታየ፤ እሷ ሸለምጥማጥና ጎሽን፣ እሳቸው እንደ ወትሯቸው ጎሽና ጉምን አስቀደሙ። ለምርጫ የተሰጠው ጊዜ መቁጠር ጀመረ።

ጣቷ "ሳል" የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ።

አንድ ነገር ጎደለ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልመጣላትም። ከእናቷ አልፈዋል፤ አባቷን ጠይቀዋል፤ ወራቤ ደርሰዋል፤ ድመቷን ሳይቀር... ጋሽ እንደሻው ለጨዋታ ሲቀመጡ ከእናቷ አልፈው አያውቁም። ዛሬ አንድም ሰው አላስቀሩም። "የቀረውን በጋሻ" አላሉም። የቀረ የለማ!

ቀና ብላ አየቻቸው። ጋሽ እንደሻው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ጆሮአቸው ቀልቷል። ሰላምታውን ደጅ ላይ ጨርሶ የገባ ደንበኛ ምን ዓይነት እንደሆነ ፋይዛ ከልጅነቷ ታውቃለች። ጨዋ ሰው ጨክኖ ሊከራከር ሲል ነው እንዲያ የሚያደርገው።

ሊመቱኝ ነው!

ከሳለች አለቀላት። ከመታችም ጎሽ ከጎሽ ተላትሞ ማን እንደሚተርፍ አላህ ነው የሚያውቀው። መዳኛው አንድ ነው፤ እሱም ከፕላስተሩ ሥር ነው። ከተሳሳተች ደግሞ፣ ሰውየው እንደ ልማዳቸው ሰላም ካሏት፣ በእኩል ይጀምራሉ፤ በእኩል ከተጀመረ አዲስ አበባ ቀረ። ፋይዛ ፕላስተሩን በጥፍሯ ትቧጥጠው ጀመር። የዳናዊት ፕላስተር ሊነሳ ነው? ጫፉ ተገኘ፣ ተበጠሰ፣ እንደገና ተገኘ። ዳናዊት ከታዳሚው መሐል ብድግ ብላ "ምን እያደረግሽ ነው?" ብላ ጮኸች። ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፕላስተሩ ተገነጠለ፤ ፋይዛም ለሁለቱም አውሬዎቿ ጋሻ አነሳች።

ጋሻ ከምት ቀድሞ ስለሚወጣ፣ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የታየው የእሷ ጋሻ ነው። አዳራሹ "ሰላም አለቻቸው!" ብሎ በጭብጨባ ተናወጠ። ሁሴኖ ከሁሉ በላይ ጮኸ። "ይኼ ነው ልጅ! አስተዳደግ ማለት ይኼ ነው!"

ጭብጨባው ሳያልቅ የጋሽ እንደሻው ጎሽ ቀንዱን አቀርቅሮ ሲንደረደር ታየ።

"እ?" አለ አዳራሹ። ጎሹ የፋይዛ ጋሻ ላይ ተላተመ። ጉሙም በረዶውን አወረደ፤ እሱም ጋሻው ላይ ፈሰሰ። ሁሴኖ ቆሞ ቀረ። "ጋሼ? እርስዎም?" አለ፣ አባቱ ሲሰርቅ የያዘ ሰው በሚያወጣው ድምፅ።

የጋሽ እንደሻው ጎሽ እያለከለከ ቆመ። የራሷ መላ ቀዳዳ ነው፤ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። በሁለተኛው ተራ በሁለት በኩል ገባችበትና ጣለችው። ከዚያ በኋላም ሽማግሌው በቀላሉ አልሞቱላትም፤ በጉማቸው በረዶ እያወረዱ፣ በሌሎቹ እየተናጠቁ፣ ሸለምጥማጧንም ሌሎቹንም ገድለውባት፣ ፋይዛ በአንድ በቆሰለ ጎሽ ብቻ እየተንገዳገደች ነው የጨረሰችው። ግድግዳው ላይ የእሷ ስም ወጣ። አርሲን ወክላ የምትሄደው እሷ ናት። ዳናዊት በወንበር ላይ እየዘለለች መጣችና አነቀቻት።

ፋይዛ ከዳናዊት እጅ ወጥታ ወደ ጋሽ እንደሻው ስትሄድ ሰውየው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አለቀሱ ብላ ደነገጠች። እየሳቁ ነው።

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይላሉ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ከኋላሽ ተቀምጬ ተማርኩት፤ ግን ይኸው፣ አምጬ አልወለድኩም።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የተቀየሙኝ መስሎኝ..."

"ኧረ ምን በወጣኝ! እኔም ሰው ነኝ፣ አዲስ አበባ መሄድ አማረኝ። ሰላም ሳልል መምታት ግን ሞቼ እገኛለሁ። ታዲያ አስቀድሜ ሰላምታዬን ጨርሼ ብገባ ኅሊናዬም አይወቅሰኝ፣ ጎሹንም እለቃለሁ ብዬ ነበር። በምን ነቃሽብኝ?"

"በአክስቴ።"

"ምነው፣ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች። እርስዎ ግን ስንጫወት እሷ ጋ ደርሰው አያውቁም።"

ጋሽ እንደሻው ይህን ሲሰሙ ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ፤ ሁሴኖም ያን ሁሉ ቁጣውን ረስቶ ከእሳቸው እኩል ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሽማግሌው የተናገሩት ነገር በፋይዛ ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰ።

"እኔን ያነበብሽኝ በሰላምታዬ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ሰላምታ የለውም። እሱንስ በምን ታነቢዋለሽ?"

ጣቷም ዛሬ ያሸነፈው ያንኑ የድሮውን ጋሻ አንስቶ ነው። እዚያ ሄዳ እንደ አምናው ብትቆምስ?

"ሰላም የማይልሽ ሰው ያስፈልግሻል" አሉ ጋሽ እንደሻው ከመቀመጫቸው እየተነሱ።

"አሰላ ውስጥ? ከየት ይገኛል፣ ጋሼ?"

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። አልተሰናበቷትም። ፋይዛ ከሳቁ ብዛት ረስተውት ነው ብላ አለፈችው።

ሰኞ ጠዋት እሷና እናቷ ሱቁን ከፍተው ጨርቅ ሲደረድሩ ጋሽ እንደሻው ገቡ። ሀጂራ ገና ስታያቸው ፊቷ በራ። "እንዴት አደሩ፣ ጋሽ እንደሻው?" አለች።

ጋሽ እንደሻው መልስ ሳይሰጡ አለፏት። በርጩማ ስበው ከፋይዛ ፊት ተቀመጡ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ "ክፈቺ" አሉ። ፋይዛ ግራ እየገባት ከፈተች፤ ጣቷ ሰላም ሊል ሲሄድ ጎሻቸው መጥቶ ደረመሳት። እንደገና ከፈቱ። አሁንም ሌላ መዓት አወረዱባት። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ያ የሚስቀው፣ የሚጠይቀው ፊት ዛሬ የተዘጋ ሱቅ ነው። ከንፈራቸው ብቻ አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል፤ ግንባራቸውን በዚያ ብርድ አልቦታል።

የሀጂራ ዓይን እንባ አቀረረ። "ጋሽ እንደሻው፣ ምን አጠፋን? ምን በደልንዎት? ስንት ዘመን አብረን ኖረን እንዴት ሰላምታ ይነፍጉናል?"

ሰውየው ጣሪያውን አዩ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ። ስልካቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው ፋይዛን ተመለከቷት።

ያን ጊዜ ፋይዛ ገባት። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መኪና እንኳ ሳይሰናበቱ አልለቀቁም፤ ዛሬ ደግሞ ለእሷ ብለው የእናቷን ሰላምታ ዋጥ አድርገው ተቀምጠዋል። የምትወዳቸውን ያህል አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም፤ አሁንም መንገሪያው ጊዜ አይደለም፣ ተራው እየቆጠረ ነው።

"እማ፣ ዝም በያቸው" አለች ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ እየሳቀችም። "ለእኔ ብለው ነው።"

ጋሻውን አላነሳችም። ቀድማ መታቻቸው።